የጎደለው እንጀራ፦ ከስትሮክ ያገገሙ እናት ጉዳይ በፊዚዮቴራፒና በኦኩፔሽናል ቴራፒ ዓይን

ጅማሬው

ታካሚዋ በሰሜን ሸዋ፣ በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ የ56 ዓመት እናት ናቸው። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝሮች ተቀይረዋል። ቤተሰቡ ገብስና ባቄላ ያመርታል፣ በጎችም አሉት። እሳቸው በሳምንት ሁለት ቀን ይጋግራሉ፣ ለበዓል ጠላ ይጠምቃሉ፣ ጊዜ ሲያገኙ ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ይህን የሥራ ዝርዝር አንባቢ ልብ ይበልልን። በሆስፒታሉ ካርድ ላይ «የቤት እመቤት» ተብሎ በሁለት ቃል ታልፏል፤ ጉዳዩ ኋላ ላይ የተወሳሰበው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ግራ እግራቸው ከዳቸው፣ አፋቸውም ወደ ቀኝ ተጣመመ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሻቸው፣ ቀጥሎም ፀበል ወሰዳቸው። ሆስፒታል የደረሱት በማግስቱ ማታ ነው። የደም ግፊታቸው 190/110 ነበር። ሲቲ ስካኑ የቀኝ አንጎላቸው አንዱ ክፍል ደም ተቋርጦበት መጎዳቱን፣ ማለትም ስትሮክ መሆኑን አሳየ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ያ ዕድል አልፎ ነበር። ፀበልና ሐኪም ቤት አይጣሉም፤ እንዲህ ባለው ሕመም ግን ሐኪም ቤቱ መቅደም አለበት። የግፊት መድኃኒት፣ አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ።

ዐሥር ሳምንት በፊዚዮቴራፒ

ፊዚዮቴራፒስቱ ሥራውን የጀመረው ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ነው። በአካባቢው ፊዚዮቴራፒስትን ከወጌሻ የማይለይ ሰው ብዙ ነው፤ ቤተሰቡም መታሸት መስሎት ለጋ ቅቤ ይዞ መጥቶ ነበር። የዚህ ሙያ ዋናው ሥራ ግን ማሸት አይደለም። የተጎዳው አንጎል እንቅስቃሴን እንደገና እንዲማር፣ አንድን እንቅስቃሴ በትክክለኛው መንገድ ደጋግሞ ማሠራት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ይህን ይመስል ነበር። የጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ሲታይ የግራ ዳሌያቸው 2፣ የግራ ቁርጭምጭሚታቸው 1፣ የግራ ጣቶቻቸው 1 ነበሩ። ከ56 በሚያዘው የበርግ የሚዛን መለኪያ 6 አገኙ፤ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ መቆም አይችሉም።

ከሁሉ በፊት ትኩረት ያገኘው ትከሻቸው ነው። ልጆቻቸው ሲያነሷቸው በግራ ብብታቸው ሥር ገብተው ይጎትቷቸው ስለነበር፣ ጡንቻው የላላው ትከሻ ከመገናኛው አንድ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ወርዷል። ይህ በየቤቱ የሚደገም ስሕተት ነው። የደከመ ክንድ መያዣ አይደለም፤ ከተጎተተ ወራት የሚቆይ ሕመም ያተርፋል፣ ሕመሙ ደግሞ ታካሚው እጁን ጨርሶ እንዲተወው ያደርጋል። ቤተሰቡ በወገባቸው ዙሪያ በታሰረ መቀነት ማንሳትን ተማረ። ሲቀመጡ የግራ ክንዳቸው ትራስ ላይ እንዲያርፍ፣ ሲተኙም ትከሻው ሥር የታጠፈ ጋቢ እንዲገባ ተደረገ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለዐሥር ሳምንት ተመላላሽ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ከ20ው ቀጠሮ በ17ቱ ተገኝተዋል፤ ያመለጡት ሦስቱ የአጨዳ ሰሞን የሚያደርሳቸው ሰው በመጥፋቱ ነው። ሥራው የተጀመረው ከወንበር ከመነሳት ነበር። መጀመሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መቀመጫ፣ በኋላ ከ45፣ በመጨረሻ ከ40፤ በየቀጠሮው 5 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ። ለዚህ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ ሲነሱ ክብደታቸው በግራ እግራቸውም ላይ ማረፍ አለበት። ጤነኛው እግር ሁሉን እንዲሸከም ከተተወ ሰውየው ቶሎ ይቆማል፣ የታመመው እግር ግን ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ኋላም 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ መጣ፤ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። የቁርጭምጭሚቱ ጅማት እንዳያጥር በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ሴኮንድ አምስት ጊዜ እየተለጠጠ ይያዛል።

ምርኩዙ ብቻውን አንድ ጉዳይ ነበር። ቤተሰቡ እስከ ደረት የሚደርስ ዱላ በግራ እጃቸው አስይዞ አመጣቸው፣ «የታመመው ይደገፍ» በሚል አሳብ። ምርኩዝ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው፤ ቁመቱም ቀጥ ብለው ቆመው ክንዳቸው ሲወርድ እስከ እጅ አንጓቸው መጨማደጃ ነው። ዱላው በ82 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ወደ ቀኝ እጅ ተዛወረ፤ አረማመዱም ዱላ፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር በሚል ተራ ተቃኘ።

በ11ኛው ሳምንት የበርግ ውጤታቸው 47 ደረሰ። 10 ሜትር በ14 ሴኮንድ ሄዱ። የዳሌያቸው ጉልበት 4፣ የቁርጭምጭሚታቸው 3 ሆነ። የዕለት ኑሮን ከ100 በሚለካው የባርተል ሰንጠረዥ 80 አገኙ። በካርዱ ላይ «ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ» ተብሎ ተጻፈና ክትትሉ ተዘጋ። ይህን በሚገባ መናገር ያስፈልጋል፦ ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር። ያለእሱ የሚቀጥለው ሁሉ ባልተቻለ ነበር።

ቤት ከገቡ በኋላ

ቤት ውስጥ የሆነው ግን ከካርዱ ጋር አልገጠመም። በየበሩ ሲያልፉ የግራ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር ይጋጫል፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ሰንበር ሳይደርቅ ሌላ ይጨመርበታል። ነጠላቸው በግራ በኩል እየተጎተተ ሁለት ጊዜ ረግጠውት ወድቀዋል። ቡና አፍልተው ሲቀዱ በረከቦቱ ቀኝ ያሉትን ሲኒዎች ይሞላሉ፣ በግራ ያሉትን ሦስቱን ባዶ ይተዋሉ፤ በግራቸው የተቀመጠች ጎረቤት ይህን እንደ ንቀት ቆጥራ ተቀይማ ሄደች። ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት አስተያየት ተፈጠረ። አንዱ «ሕመሙ ልባቸውን ወስዶታል» ይላል፣ ሌላው «ከሞት ተርፈው ሥራ ሰለቻቸው»።

በ13ኛው ሳምንት ለመጋገር ተቀመጡ። ግራ እጃቸው የምጣዱ ጠርዝ ላይ ማረፉን አላዩም፣ ሙቀቱም አልተሰማቸውም። ያወቁት ልጃቸው የተቃጠለ ሽታ ሸትቷት ስትጮህ ነው። ሦስት ጣቶች ተላጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ማድቤት እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ።

ልጃቸው ቃጠሎውን ለማሳየት ይዛቸው ስትመጣ ለፊዚዮቴራፒስቱ የነገረችው አንድ ነገር ነው መንገዱን የቀየረው። «እግሯስ ድኗል፤ እንጀራውን ግን ጎዶሎ አድርጋ ታወጣዋለች፣ ሙሉ ነው ብላም ትከራከረኛለች» አለች። ሊጡ ሲፈስ በቀኝ በኩል ይደራረብና ይወፍራል፤ በግራ በኩል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ባዶ ምጣድ ይቀራል። ጉልበት ያነሰው ሰው እንጀራው ይሳሳበታል ወይም ይቀዳደድበታል እንጂ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ጎድሎ አይወጣም። ሙሉ ነው ብሎም አይከራከርም። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉዳዩ ከእግርና ከሚዛን ውጭ መሆኑ ገባውና አዲስ አበባ ለምትሠራ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም ታካሚን ወደ ዕለት ተግባሩ ለመመለስ ለምትሠራ ባለሙያ አስተላለፋቸው። የሚዛን ልምምዱን ማስረዘም ይችል ነበር፤ የበሩን መቃን የሚመታ ታካሚ ሲያዩ ብዙዎች የሚያደርጉት እሱን ነው።

ሁለተኛው ምርመራ

ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ የመጣችው ወደ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ቤታቸው ነው። ያየችው ነገር ግራን መዘንጋት ይባላል። ዓይን ጤነኛ ነው፣ ምስሉ ይገባል፤ ትኩረትን ወደ ግራ የሚመራው የአንጎል ክፍል ስለተጎዳ ግን በግራ ያለው ዓለም፣ የራስ ክንድ ጭምር፣ ከሐሳብ ይወጣል። የቀኝ አንጎል በስትሮክ ሲጎዳ በብዛት የሚታይ ነው። ታማሚው የጎደለውን ስለማያውቀው «ምን ቸገረዎት?» ቢባል «ምንም» ይላል። ስለዚህ በመጠየቅ ብቻ አይገኝም፤ ሲሠሩ መታየት አለበት።

በወረቀት ላይ ያሉ ትናንሽ ኮከቦችን በመሰረዝ ፈተና ከ54ቱ 31 ሰረዙ፤ ከ44 በታች ማግኘት ለመዘንጋት ምልክት ይሆናል፣ የቀሩትም ሁሉም በግራ ነበሩ። ወረቀትና እርሳስ ላልለመደ ሰው ፈተናው ራሱ ሊያሳስት ስለሚችል ሌላም አከለችበት፦ 40 ባቄላ ሰፌድ ላይ በትና ሁሉንም እንዲለቅሙ ጠየቀቻቸው። 26 ለቀሙና «ጨረስኩ» አሉ፤ 14ቱ በሰፌዱ ግራ ተቀምጠዋል። ሰፌዱን ግማሽ ዙር ስታዞርላቸው ገርሟቸው ሳቁ፤ ከፊታቸው የሆነ ነገር ሊሰወርባቸው እንደሚችል ያመኑት ያኔ ነው። በቤት ውስጥ ኑሯቸው እየታዩ በሚሞላው የካትሪን ቤርዤጎ መለኪያ ከ30 የችግር ነጥብ 19 ተመዘገበባቸው። ራሳቸው ለራሳቸው የሰጡት 5 ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ኦኩፔሽናል» የሚለውን «የሥራ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ሰሚው ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ይመስለዋል፣ ሥራ ፈላጊን የሚያስቀጥር ባለሙያ የሚመስለውም አለ። ቃሉ የሚይዘው ሰው ቀኑን የሚሞላበትን ሁሉ ነው፦ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ልጅ ማዘል። ፊዚዮቴራፒስት የአካልን እንቅስቃሴ፣ ጉልበትን፣ ሚዛንን፣ ሕመምን ይመረምራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚመረምረው አንድን ተግባር ነው፤ ሰውየው፣ ተግባሩና ቦታው የማይገጣጠሙት የት ላይ እንደሆነ ይፈልጋል። ለዚህም ከሦስቱ አንዱን ይለውጣል። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ግን እዚያው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የመጣ የቅርብ ጊዜ ጅምር ነው። በወረዳ ደረጃ ባለሙያውን ማግኘት አስቸጋሪ የሆነው ለዚህ ነው።

ግቦቹን የመረጡት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ አሁን ምን ያህል እንደሚሠሩት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጡ፦ መጋገር 1፣ ቀሚስ መልበስ 3፣ ቡና ማፍላት 2፣ መፍተል 1፣ ሌሊት ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ 4። የባርተሉ 80 ነጥብ ስለ መጋገር፣ ስለ ቡናና ስለ ፈትል አንድም ጥያቄ የለውም። መለኪያው አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም።

ማድቤቱ

መጋገር ለሚችለው ሰው አንድ ሥራ ይመስላል። ቴራፒስቷ ልጃቸው ስትጋግር ተቀምጣ አይታ ሥራውን በየእርምጃው በታተነችው፦ እሳቱን ማስተካከል፣ በጎመን ዘር ማሰስ፣ ሊጡን መቅዳት፣ ከዳር ወደ መሀል እያዞሩ ማፍሰስ፣ ዓይን እስኪያወጣ መጠበቅ፣ አክምባሎውን መክደንና ማንሳት፣ ጠርዙን ማላቀቅ፣ ሰፌዱን ማስገባት። በዚህ ሁሉ ወይዘሮዋን ያሰናከሏቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ማፍሰሱ በመዘንጋት፣ ማውጣቱ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የግራ እጃቸው የት እንዳለ አለማወቃቸው።

መጀመሪያ ቦታው ተለወጠ። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ መሬት ለመሬት ነበር፤ እሳቸውም 20 ሴንቲ ሜትር በምትሆን ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ካለ መቀመጫ መነሳት ስለማይችሉ እሳት አጠገብ እንዲያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ወንድ ልጃቸው በድንጋይና በጭቃ ምድጃውን ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ሠራው፣ ሳምንት ሙሉ እንዲደርቅ ተተወ። ከፍታው ስሌት ነው፦ 42 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ ላይ ሲሆኑ የምጣዱ ጠርዝ ከክርናቸው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በዚህ ቁመት ክንዳቸውን ሳያነሱ ማዞር ይችላሉ። ከፍ ቢል ትከሻቸው ይደክማል፣ እጅጌያቸውም እሳቱ ላይ ይንጠለጠላል። መቀመጫው እንዳይንሸራተት እግሮቹ ወለሉ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ተቀበሩ።

ቀጥሎ ነጩ ጡብ መጣ። ከምጣዱ ግራ፣ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በኖራ የተቀባ ጡብ ተተከለ። ዓይን የሚመለስበት ምልክት ነው። ሕጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማፍሰስ ከነጩ ጡብ ይጀምራል፣ ዞሮም ነጩ ጡብ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መሀል የሚገባው። «ወደ ግራ ይዩ» ብሎ መጮህ አይሠራም፤ ግራው የጠፋበት ሰው ወደ ግራ ምን ያህል ማየት እንዳለበት አያውቅም። ጡቡ ሲታይ ግን መድረሻው ይታወቃል።

ልምምዱ አምስት ቀን በቀዝቃዛ ምጣድና በውኃ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ዙር። በቀዝቃዛው ልምምድ የውኃው ዕቃ ሆን ተብሎ በግራ ይቀመጣል፣ ለመቅዳት ሲሉ ወደዚያ እንዲያዩ። እሳት ሲነድ ግን የሊጡም፣ የማሰሻውም፣ የሰፌዱም ቦታ በቀኝ ሆነ። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ያደባልቀዋል፦ ማሠልጠኛው ሰዓት ሌላ ነው፣ የእሳቱ ሰዓት ሌላ። እሳት ላይ ሰውን ለማስተማር ዕቃውን ወደ ጠፋበት ጎን መውሰድ እጁን እንደገና ለቃጠሎ መስጠት ነው።

የግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ በወፍራም ደማቅ ቀይ ጨርቅ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ከእያንዳንዱ እንጀራ በፊት «እጄ የት አለ?» ብለው ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፣ ዓይናቸው ቀዩን ጨርቅ ካገኘ በኋላ ብቻ ሊጥ ይቀዳሉ። መጀመሪያ ልጃቸው ትጠይቃቸው ነበር፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ።

ማውጣቱ በአንድ እጅ ሆነ። ጠርዙ ራሱን ችሎ እስኪነሳ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ምጣዱን በየእንጀራው በጎመን ዘር ያስሳሉ፣ ከዚያም ስስና ሰፋ ያለ ሰፌድ ከቀኝ ወደ ግራ ያስገባሉ። ቸኩለው ያወጧቸው የመጀመሪያዎቹ ተቀደዱ። በመጀመሪያው የእሳት ቀን የተፈቀደላቸው ሦስት እንጀራ ብቻ ነበር፤ ሲደክማቸው የግራ መዘንጋቱ ይብሳልና። ቡሃቃ ማንሳትና እንጨት መጨመር የልጃቸው ሥራ ሆኖ ቀረ።

የቀሩት ተግባራት

ቀሚስ ለመልበስ አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። በግራው እጅጌ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ተሰፍቷል። የታመመው ክንድ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ ደግሞ ይከተላል። ስሕተቱ የሚፈጠረው እጅጌው ክርን ላይ ሲቆም ነው፤ እስከ ትከሻ ካልተሳበ ጭንቅላት ሲገባ ልብሱ ይታነቅና ሰውየው ተስፋ ይቆርጣል። ነጠላው በግራ ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ፤ መውደቁ በዚህ ቆመ።

ለቡናው ረከቦቱ በግራ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት ያለው ጨርቅ ለበሰ፣ ሲኒም ከዚያ ጥለት ይጀመራል። የተቀየመችው ጎረቤት ምክንያቱን ከልጃቸው ሰምታ ተመልሳ መጥታለች።

ሽንት ቤቱ ከቤቱ 22 ሜትር ይርቃል፤ ቁጢጥ ማለትን የሚጠይቅ ጉድጓድ ነበር። 43 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀዳዳ ያለው የእንጨት መቀመጫ ተሠራ። የባሕር ዛፍ መያዣ የተተከለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ግራ እጃቸው ስለማይጨብጥ በግራ የሚተከል እንጨት ጌጥ ይሆናል። የግራ መቃኑ ከላይ እስከ ታች በኖራ ተቀባ። ባትሪው በአንገት በክር ተንጠለጠለ፣ አንዱ እጅ ምርኩዝ መያዝ አለበትና።

ባለሙያዎቹ ያልተስማሙበት

በግራ እጃቸው ጉዳይ ሁለቱ ተለያይተው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ እጁ በየሥራው ውስጥ እንዲገባ ፈለገ፤ ሥራ ያልተሰጠው እጅ ይረሳል፣ አንጎልም ቦታውን ለሌላ ይሰጣል የሚለው ሙግቱ ትክክል ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ደግሞ ትኩስ የማይሰማውን እጅ እሳት አጠገብ አላሠራም አለች። የደረሱበት ስምምነት እጁን በቀዝቃዛ ሥራ ማሠራት ነው። ማሻሻያው በሁለቱም በኩል ነበር፦ ፊዚዮቴራፒስቱ ጣቶችን ለማጠንከር የሰጠው የፕላስቲክ ኳስ መጭመቅ ቀረና በቦታው የተነደፈ የበግ ጸጉር መያዝ ገባ። ፈትል ግራ እጅ ጸጉሩን ይዞ እንዲለቅ፣ ቀኝ እጅ እንዝርቱን እንዲያሾር ይፈልጋል። ኳሱን በቀን ሃያ ጊዜ ጨምቀው ይሰለቹ የነበሩት እናት በጸጉሩ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ ጀመር። ልምምዱን በየሳምንቱ በስልክ የምትከታተለው ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ስትሆን የጣቶቹን ጉልበትና የትከሻውን ሕመም የሚመረምረው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ድርሻቸው በግድግዳ የተከፈለ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ውጤቱና የቀረው

ከ12 ሳምንት በኋላ፣ በሁለተኛው የቤት ጉብኝት፣ የኮከቦቹ ፈተና ከ31 ወደ 46 ወጣ፤ የቤርዤጎው ችግር ከ19 ወደ 8 ወረደ፤ ባርተሉ ከ80 ወደ 90 ከፍ አለ። ራሳቸው በሰጡት ነጥብ መጋገር 6፣ ቀሚስ መልበስ 8፣ ቡና 7፣ መፍተል 4፣ ሽንት ቤት 8 ሆነ፤ አማካዩ ከ2.2 ወደ 6.6 ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ የሆነ ለውጥ እንደ እውነተኛ ለውጥ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ አረፍ ብለው 12 እንጀራ ይጋግራሉ። አዲስ ቃጠሎ አልደረሰባቸውም።

የጠፋው ጊዜ ግን መመዝገብ አለበት። ከስትሮክ በኋላ አብዛኛው የአንጎል ማገገም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ግራን መዘንጋታቸው የታወቀው ያ ጊዜ አልፎ ነው። ምልክቱ ተሰውሮ አልነበረም። ገና ተኝተው ሳለ በትሪ የቀረበላቸውን ምግብ የቀኙን ግማሽ በልተው «ጠገብኩ» ይሉ ነበር፤ አስታማሚዎች የምግብ ፍላጎት ማጣት ብለው አለፉት። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት በሌለበት ሆስፒታል ይህን ለመያዝ መሣሪያ አያስፈልግም። ነርሷ ትሪውን ብታዞረው ይበቃል፤ ታማሚው እንደገና መብላት ከጀመረ ሐኪሙ ይነገረው። ከመሰናበቻው በፊትም ፊዚዮቴራፒስቱ ለቤተሰቡ ጥቂት ጥያቄ ያንሳ፦ ከመታመማቸው በፊት ቀኑን በምን ያሳልፉ ነበር? አሁን የትኛውን ተዉ? ሲሠሩት ያየ አለ? የሚጎዱት በአንድ ጎን ብቻ ነው ወይ? ሲያስረዷቸው ይቀበላሉ ወይስ ይከራከራሉ? የሚጎዱት በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና ሲያስረዷቸው የሚከራከሩ ከሆነ ተጨማሪ የእግር ልምምድ ብቻውን መልስ አይሆንም።

የተከፈቱ ሦስት ነገሮች አሉ። መታጠብ ላይ ገና ሰው ይፈልጋሉ፤ የውኃውን ሙቀት በቀኝ ክርናቸው መፈተሽ እየተለማመዱ ነው። የደም ግፊታቸው በመጨረሻው ልኬት 148/92 ስለነበር መድኃኒቱ እንደገና እየታየ ነው፤ በጾም ሰሞን የጠዋቱን ኪኒን ይዘሉ እንደነበር ታውቆ የሚወስዱበት ሰዓት ወደ ማታ ተዛውሯል። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። ከቤታቸው አንድ ኪሎ ተኩል የሆነው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቱ በየሳምንቱ 200 ሜትር እየጨመረ ዳገቱን አብሯቸው እየወጣ ነው። እስካሁን 900 ሜትር ደርሰዋል፣ ዋርካው ሥር አርፈው ይመለሳሉ።